ከእሾሁ ዛፍ ሥር

«ዛሬ ዘገየሁብሽ፤ በረደሽ አይደል?» ነበር ያለው። ወይም «እንዳይበርድሽ»። ሠላሳ ዓመት አልፎታልና ኦኖራ ቃሉን በቅጡ አታስታውሰውም። የባሏን የኮልማንን ድምፅ ግን አልረሳችውም፤ እሷን እንዲያ አለስልሶ አናግሯት አያውቅም። ከድንጋዩ ካብ ማዶ ሆና ስታይ፣ ኩባያ ወተት ይዞ ከእሾሁ ዛፍ ሥር ተንበርክኳል። አጠገቡ ማንም የለም።

በኮነማራ ገጠር በሜዳ መሃል ብቻውን የበቀለ የእሾህ ዛፍ የማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከምድር ሥር የሚኖሩ፣ ብረት የሚጠሉ የማይታዩ ፍጡራን ናቸው፤ ስማቸው አይነሳም፣ «ደጋጎቹ» ይባላሉ። ከሴቶቻቸው አንዷ ዐይኗን የጣለችበት ወንድ፣ እግሩ ቤት ቢገባም ልቡ አይገባም።

አሁን ኮልማን መቁጠሪያው በጣቶቹ ተጠምጥሞ ከመስኮቱ ሥር ተጋድሟል። ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ ሰዓቱ እንዲቆም ተደርጓል፤ መስታወቱ ተሸፍኗል። ወንዶቹ ምድጃውን ከበው ፒፓ ያጨሳሉ።

«ፈገግ ያለ ይመስላል እኮ» አለች ጎረቤቷ ናፕላ ሻይዋን እያማሰለች።

«ወደ እሷ፣ ወደ ዛፉ ሴት ሄዶ ምን ያስከፋዋል!» አለች ኦኖራ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ጥርስሽ አልቆ ቅናትሽ አያልቅም?»

ኦኖራ ከበሩ ኋላ መጥረቢያውን አንስታ ወጣች። ዋርሳዋ፣ የኮልማን ወንድም ታይግ፣ ሮጦ ደጅ ላይ እጀታውን ያዘባት።

«ልቀቀኝ! የሬሳ ሳጥኑ ሳይዘጋ ዛፉን እቆርጠዋለሁ። እሷም ቤት አጥታ ታልቅስ!»

«ተይ፣ ኦኖራ። እዚያ ያለችው ልጅሽ ናት።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወለደችው፤ ሴት፣ ሳትጠመቅ የሞተች። ያልተጠመቀን የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አይቀበልም። አባት ብቻውን ወስዶ ይቀብራል፤ እናት የት እንደሆነ አትጠይቅም። አልጠየቀችም።

«ወተቱስ?»

«ለደጋጎቹ ነው፤ እንዲጠብቋት። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

ኦኖራ ካቡ ላይ ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት!» አለች። «ሠላሳ ዓመት ለብቻው አጫወታት!»

ፊቷን ወደ ዛፉ መለሰች።

«ከልጄ መቃብር አፈር አምጣልኝ» አለች። «አንድ እፍኝ። ደረቱ ላይ አደርግለታለሁ።»

«ከዚያ አፈር የሚወስድን ሰው ደጋጎቹ አይምሩትም...»

«አውቃለሁ።»

ታይግ ዛፉን አየ፤ አማተበ። መጥረቢያውን ከእጇ ወስዶ ካቡን አስደገፈው።

«ብረት አላስነካም» አለ በመጨረሻ። «በጣቴ እጭራለሁ።»