የድሮው ቅጂ

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ነጎድጓድ» ነው የሚለው። ሱሪ ሲለካ እንኳ የወገብ ቁጥር በሹክሹክታ መናገር አይሆንለትም፤ ደንበኛው ምን ያህል እንደወፈረ ማዶ ያለው ፋርማሲ ሳይቀር ይሰማል። ከመርፌው አላቆ ወደ መድረክ የወሰደውም ይኸው ድምፅ ነው። ከሥራ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የሚለማመዱ ተዋንያን አሉ፤ እዚያ አንዴ አባት ይሆናል፣ አንዴ ወንበዴ። ዘንድሮ ደግሞ ዳኛ ነው።

እሷ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። አርባ ዓመት አልፏትም ከ«ሚጣ» አልወጣችም። የምትሠራው የትምህርት ቤቶችንና የማኅበራትን ድረ ገጽ በሚያስተዳድር ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ የተዋንያኑን ገጽ የከፈተችላቸውም ለወንድሟ ስትል ነው። ተውኔቱን የሚጽፉትና የሚያዘጋጁት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የጻፉትን እዚያ ገጽ ላይ ያስቀምጡታል፤ ተዋናዩ ሁሉ በየስልኩ ያነባል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንድሟ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ሳይደውል መጥቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሚጣ፣ ሥራ ይዘሻል?» አላት። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር።

«ምነው ጋሼ? ምን ሆነሃል?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጣቶቹን አቆላለፈ።

«እንደ አባባ እየሆንኩ ነው መሰለኝ።»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። አባታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏት ነበር። ይህን ነገር ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ትተውት፣ አባታቸው ካለፉ ወዲህ አንስተውት አያውቁም።

«ልምምድ ላይ የሌለ ቃል እናገራለሁ» አለ። «እኔ ያለ ይመስለኛል፤ መምህርቷ ግን ‹ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?› ይሉኛል። ሌሎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ትናንትማ ሁሉም ፊት፣ ‹ደክሞህ ከሆነ ቦታውን ለሌላ ሰው እንስጠው› አሉኝ።»

«በደንብ አታጠናም እንዴ?»

«እንዴት አላጠና! እየሰፋሁ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ደንበኞቼ እንኳ በቃላቸው ይዘውታል።»

አይዞህ፣ ድካም ነው ልትለው ፈለገች፤ ግን ራሷም አላመነችበትም። እንዲያው ጊዜ ለማግኘት ያህል፣ «እስቲ እንዴት እንደምታነበው አሳየኝ» አለችው።

ስልኩን አወጣና ሊንኩን ነካው። ገጽ አልተከፈተም፤ ፋይሉ ስልኩ ላይ መቀመጡን የሚናገር ማስታወቂያ ብቻ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወንድሟም ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ እንደሚያውቅ ሰው ወደ ተቀመጡት ፋይሎች ሄዶ ከላይ ያለውን ከፈተ። «ይኸው» አላት። ከሥሩ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ በቁጥር ብቻ የሚለያዩ ፋይሎች ተደርድረዋል።

«እነዚህስ?»

«ያው እሱው ነው፤ ይደጋግመዋል። ስልኩ ወዶት ይሆናል።»

እሷ ያንኑ ሊንክ በራሷ ኮምፒውተር ከፈተችው። ጽሑፉ ወዲያው ገጹ ላይ ወጣ። ወደ መጨረሻው ወረደችና አነበበች። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ የዳኛውን የመጨረሻ ንግግር በልልኝ። ሳታይ።»

ተነስቶ ቆመ። እንደጀመረ ያ ድምፁ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ክፍል የስልክ ወሬ ተቋረጠ። እሷ በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች አዳመጠችው። ሲጨርስ ቀና አለች።

«አንዲት ፊደል አልሳትክም።»

«ታዲያ ምን ሆኜ ነው?»

«የያዝከው የድሮውን ነው። እሳቸው እያሻሻሉ አዲስ ያስቀምጣሉ፤ የሌሎቹ ስልክ አዲሱን እዚያው ያሳያቸዋል። ያንተ ግን አያሳይህም፤ እያወረደ ከሥር ይከምረዋል። አንተ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነው የምትከፍተው። እየው፣ በአዲሱ ዳኛው መጨረሻ ላይ ንግግር እንኳ የለውም። ዝም ብሎ ይወጣል።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚስቅ መስሏት ነበር። አለመሆኑን ስታይ ተነስታ በሩን ዘጋችው።

ቆይቶ፣ «ማታ ማታ የሱቁን ቁልፍ ተመልሼ ሁለቴ አያለሁ» አላት። «ለሚስቴም አልነገርኳት።»

«እኔም መነጽሬን በጣልኩ ቁጥር አባባን ነው የማስበው።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

ስለ አባታቸው ከዚያ በላይ አላወሩም፤ የዓመታት ሸክም ግን ከሁለቱም ትከሻ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህርቷ ለፋይሎቹ ስም ሲያወጡ፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ አድርገው «ተውኔት» ብለው ይጽፋሉ። ገጹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ደግሞ እንዲህ ያለ መጨረሻ አያውቅም። «ሰርቨር ፋይል ሲልክ ምንነቱን አብሮ መናገር አለበት» ብላ አስረዳችው። «ካልተናገረ አንዱ ብራውዘር፣ ማለት ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ ጽሑፍ ነው ብሎ ያሳያል። ሌላው፣ የማላውቀውን አልከፍትም ብሎ መጋዘን ይከተዋል።»

«የኔ ስልክ የሰው ዕቃ አይበረብርም በይኛ!» አለ፤ አሁን የሳቀው ከልቡ ነው።

በሰርቨሩ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ በ«ተውኔት» የሚያልቅ ሁሉ ጽሑፍ ነው። እንደገና ሞከሩት። አሁን የእሱም ስልክ እዚያው ገጹ ላይ አሳየ፤ ያሳየው ግን የተበጣጠሰ ምልክትና ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

«ይኼ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?»

«አትቸኩል፣ ቆይ።» ጽሑፍ መሆኑን ተናገረች እንጂ ፊደሉ በየትኛው ስልት እንደተመዘገበ አልገለጸችም፤ ስልኩ የእኛን ፊደል በፈረንጅ ፊደል ቁጥር እያነበበው ነው። ስልቱ ዩቲኤፍ ስምንት የሚባለው መሆኑን በዚያው መስመር ላይ ጨመረችና አስቀመጠችው። ፊደሎቹ ጥርት ብለው መጡ። የእንግዳ ተቀባይዋን ስልክ፣ የሒሳብ ሠራተኛውን ኮምፒውተር እየለመነች ሞከረች፤ በሁሉም ላይ አንድ ሆነ።

ከሥራ ሲወጡ አብራው ወደ አዳራሹ ሄደች። ሲደርሱ መምህርቷ ወንበር እየገፉ ነበር። የሆነውን ስታስረዳቸው ወንበሩን ትተው አዳመጧት።

«ስም አወጣጤ ነው ጉድ የሠራው በይኛ።»

«እርስዎ ስም አወጡ፣ እኔ ለሰርቨሩ አላስተዋወቅኩትም፣ እትዬ።»

መምህርቷ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ትናንት ያልኩህን...»

«ይተውት፣ መምህርት።»

«አልተወውም። ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣ ሰው ፊት ነው የማነሳው።» ተዋንያኑን ጠርተው ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ነገሯቸው፤ ይቅርታም ጠየቁት። እሱ መሬት መሬት እያየ ሜትሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥም ነበር።

ወንድምና እህት ሐኪም ዘንድም ሄዱ፤ ሐኪሙ የዕድሜያቸውን ያህል ብቻ እንደሚረሱ ነገራቸው። አዲሱን ተውኔት ማጥናቱ ግን ቀላል አልሆነም፤ ነጎድጓድ ዝም በል ሲባል ይጨንቀዋል። ተውኔቱ በታየበት የመጀመሪያ ቀን እህቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ትዕይንት ጠበቀች። ዳኛው ተነሳ፣ ተከሳሹን አየው፣ ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ተመልሶ ገጠመ። ከዚያ መዝገቡን ትቶ ወጣ። አዳራሹ ጭብጨባውን የጀመረው ዘግይቶ ነው።

መምህርቷ ከመጋረጃ ጀርባ አገኙትና ክንዱን ያዙት። «ለነገው የተከሳሹን ሚስት አንድ መስመር ለወጥኩላት። ያንተም መልስ ትንሽ ይነካካል።»

«ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት አነበዋለሁ» አለና ካፖርቱን ለበሰ። እህቱ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር፤ አውቶቡሱ ሳያመልጣቸው እየተጣደፉ ወጡ።