ትንፋሽ የማያሳፍርባት ከተማ

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልቤ በንዴት እንደ ፍም እየነደደ፣ ራት ሳልቀምስ ከአልጋዬ ላይ ጋደም አልሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በእድራችን ስብሰባ መካከል ባለ ወፍጮው ጎረቤቴ አቶ ደምመላሽ ትንፋሽ አጥሮት በዓይናችን ፊት ሊሞት ነበርና። አስም እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሱ ግን እንደ ነውር ይደብቀዋል። በጭንቅ ላይ ሆኖ የሚሳበውን መድኃኒት ከኪሱ ሲያወጣ፣ አንዱ «ተው፣ ይለምድብሃል!» ብሎ እጁን ያዘው። ሌላው ውሃ ረጨበት። የቀረነው ከብበን አየር ከለከልነው። እጁን ባስለቀቀ ጊዜም መድኃኒቱን እንደ ሽቶ ወደ አፉ ደጋግሞ ረጨው እንጂ ወደ ውስጥ አልሳበውም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ኦክስጅን ተሰጥቶት፣ ነፍሱ ለጥቂት ተረፈች። እኔ ተማርሁ ባዩ መምህርም ከከበቡት አንዱ ነበርሁ። «ይህ ሕዝብ መቼ ነው ልብ የሚገዛው?» እያልሁ፣ ራሴንም ጨምሬ እየረገምሁ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜም በአንዲት ሰፊ ከተማ ገበያ መካከል ቆሜ ራሴን አየሁ። ወፍጮ ቤቶቿ መስኮታቸው ሰፊ፣ ሠራተኞቻቸው አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ፣ የዱቄቱም ብናኝ በረጅም ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነበር። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ወጣት ሴት ቀርባ «ይርገዱ እባላለሁ፤ ተከተለኝ» አለችኝ።

ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት በርበሬ ሻጭ በድንገት ደረቷ ሲር ሲር አለ። ሰዉ አልከበባትም፤ ጎረቤቷ በርበሬውን ከአጠገቧ አራቀችላት እንጂ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ የመድኃኒቱን ክዳን ከፍታ በደንብ ናጠችው፤ ያላትን ትንፋሽ ወደ ውጭ አወጣች፤ የመድኃኒቱን አፍ በከንፈሯ ገጥማ፣ ቀስ ብላ መሳብ ስትጀምር አንዴ ተጫነችው፤ እስከ ዐሥር ያህል እስክትቆጥር ትንፋሿን ያዘች። ደቂቃ ያህል ቆይታ ደገመችው። ከጎኗ ያለው፣ እጁና ትንፋሹ አልገጥም ያሉት ሽማግሌም መድኃኒቱን በፕላስቲክ ቱቦ በኩል ይስብ ነበር።

«በጭንቅ ጊዜ ዐሥሬ ብትጫነው አይሻላትም?» አልሁ።

«ልብ የሚያስደልቀው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው ከመጠን ማለፉ ነው። ሐኪሟ የነገራትን ያህል ትወስዳለች። ካልተሻላት፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወደ ሐኪም ቤት ትሮጣለች እንጂ እስኪያልፍላት አትጠብቅም።»

«ግን... አይለምድም?»

ይርገዱ ዞራ አፈጠጠችብኝ። «አንተም? መምህሩም? እኔን የቀበረኝ ይህ ቃል ነው! አማቴ ‹ይለምድብሻል› ብለው መድኃኒቴን ከሣጥን ቆለፉበት። ለክፋት አይደለም፤ ይወዱኝ ነበር። ቁልፉ ሲፈለግ ትንፋሼ አለቀ።»

አንገቴን ደፋሁ። እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ ካሻህ፣ ሱስ ሆኖ አይደለም፤ በሽታው እየበረታ ነውና ሐኪም ሊያይህ ይገባል። ይህኛው የተዘጋውን የአየር ቧንቧ የሚከፍት ነው። የሳንባውን ቁጣ ከሥሩ የሚያበርድ፣ በየቀኑ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እርሱ ከታዘዘልህ ደኅና ነኝ ብለህ አታቋርጠውም፤ ከሳብኸውም በኋላ አፍህን ትጉመጠመጣለህ።»

«እኅቴ፣ ይህች ከተማ የት ናት?»

«የእናንተው ሰፈር ናት። ምን ሩቅ አገር አስመሰልሃት? ማን ከለከላችሁ?» ብላ ተቆጥታ ትታኝ ሄደች።

ብንን ስል ነግቷል። ጫማዬን በወጉ ሳላስር ወደ አቶ ደምመላሽ ቤት ሮጥሁ፤ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። እርሱም «ታዲያ እስከ ዛሬ ስረጨው የኖርሁት ለአየሩ ነዋ!» አለ። ነርስ አጠቃቀሙን እንድታሳየው አብረን ጤና ጣቢያ ልንሄድ ተስማማን።

ከዚያ የእድሩን ዳኛ የጋሽ አጥናፉን በር ደበደብሁ። ጋቢያቸውን እየደረቡ፣ ደንግጠው ወጡ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ፤ የመጣሁትም ማንም እንዳይሞት ነው። ጥሩምባው ይነፋና እድርተኛው ይሰብሰብልኝ።»