ያልወጡት ካርዶች

«ይሄን ካርቶን አንሺው እንጂ! ስኒውን የት ላስቀምጠው?» አለች የሟቹ እህት፣ ትሪዋን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«እዛው ይሁን» አለች ሚስትየው።

«ለቅሶ ቤት እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የገባው ሁሉ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው፤ ግልጽ ሰው ነበር፣ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም ነበር። እሷም ራሷን ስትነቀንቅ ሰንብታለች። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ድንገተኛ ነው ተባለች፣ እስከ ዛሬም ያቆማት ይህቺው ቃል ነች።

ካርቶኑ ላይ ካባ ያጠለቁ ጀግኖች ተሥለዋል። ባልና ሚስቱ ሁልጊዜ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። እርስ በርስ አይጋጠሙበትም። ሁለቱም በማይረቡ ካርዶች ይጀምሩና በየተራቸው ጠንካራ ጀግኖችን እየጨመሩ አንድ ክፉ ጠላት አብረው ይገጥማሉ። የጠላት ካርዶች ለብቻ ይደረደራሉ፤ ከላይ በተገለጠ ቁጥር አንድ መዓት ይመጣል። ካሸነፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ፣ ከተሸነፉም ሁለቱም። እሷን የማረካት ይሄ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ ከባሏ ጋር የምትፋለምበት አቅም አይተርፋትም ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ ይሸነፉ ነበር። በተለይ «ጥቁር ማዕበል» የሚባለው ካርድ ከወጣ አለቀላቸው፤ ሁለቱም ከእጃቸው አንድ አንድ ካርድ ካልሰዉ አይመለስም። ዓምና ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማሸነፍ ብቻ ሆነ።

«ጠላት ፈራን!» ትል ነበር እያጨበጨበች።

«አንቺን ነው የፈራው» ይላታል። ካርዱን የሚበውዘው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ያኔ ነው ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ መቆም የጀመረው። «ምነው?» ስትለው፣ «ሊፍት ጠጋኝ ደረጃ ከወጣ ሙያውን ሰደበ ማለት ነው» ይላል። እሷ ትስቃለች። እሷ ስቃ እስክትጨርስ እሱ ትንፋሹን ይሰበስባል።

የሥራ ባልደረባው ገባ፤ ከቁመቱ ማጠር የተነሳ «ብሎን» የሚሉት። እግዜር ያጥናሽ ብሎ ሳይቀመጥ ካርቶኑን አየና እንባው መጣ።

«ስለዚህ ጨዋታ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ሚስቴ ማሸነፍ ለምዳለች ይለኛል። ሐኪሙ እንደዚያ ካለው በኋላ እንኳ…»

«ሐኪሙ ምን አለው?»

ብሎን ወደ እህትየው ዞረ። እህትየው ስኒዎቿን ማየት ጀመረች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ልቡ እንደደከመ ዓምና ነገሩት። እንዳትነግሯት ብሎ አስማለን። ለክፋት አይደለም የኔ እህት፣ ሞቱን ስትጠብቂ እንዳትኖሪ ብሎ ነው።»

«እናንተስ? ስትጠብቁ አልኖራችሁም?»

ስፌት ሊለቅ ሲል በጣቷ ዳብሳ የምታውቅ ሴት አጠገቧ የተኛውን ሰው አላወቀችም። ካርቶኑን ከፊቷ ልታርቀው ስትጎትተው ከጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተዘረገፈ። ከሥሩ የተነጠፈው ወፍራም ወረቀት ተላቀቀ፤ ከወረቀቱ ስር በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች ወጡ። ከላይ ያለው ጥቁር ማዕበል ነው። ከሥሩ ያሉትም ከዓምና ጀምሮ ያላየቻቸው መዓቶች ናቸው፣ አንድም አልቀረ።

ተናደደች። ሰው ገና አፈሩ ሳይደርቅ በሟች አይናደድም ይባል ይሆናል፤ እሷ ግን ተናደደች። ስታጨበጭብ ቁጭ ብሎ አይቷታል። ጠላት ፈራን ስትል አብሯት ስቋል። ብትሸነፍ እኮ ከእሱ ጋር ነበር የምትሸነፈው። ያንን ነፈጋት። ብሎን የተሸከመውን፣ እህቱ የተሸከመችውን፣ ለእሷ ይከብዳታል ብሎ ወሰነላት።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ለቅማ ተቀመጠች። ላስቲኩን ፈታች። የተደበቁትን ከጠላት ካርዶች ጋር ቀላቀለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ በወዘች፤ አልለመደችውምና ሁለቴ ከእጇ አመለጧት። ለራሷ አደለች። ፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር በኩልም ለእሱ አደለች፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ። ከዚያ ጥቁር ማዕበል እስኪወጣ ድረስ የጠላትን ካርድ እየገለጠች ሄደች።

ሲወጣ ከእጇ አንዱን መርጣ ከማዕበሉ አጠገብ አኖረች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

እህትየው ትሪዋን ይዛ ቀረበች። ድምጿ ወርዷል። «አሁንስ ይነሳ?»

«ቆዪ። ተራው የሱ ነው።»

እህትየው ባዶውን ወንበር አየች፣ ያልተገለጡትን ካርዶች አየች። ከዚያ ቀስ ብላ በርከክ አለችና ስኒዎቹን ወለሉ ላይ ደረደረች።