የባኞ ቤቱ በሶብላ

ሲኞራ ኢማኮላታ በሰባ አራት ዓመታቸው አንዲት ውሸት ብቻ ቀርታቸው ነበር። ሌሎቹን ከባላቸው ጋር ቀብረዋቸዋል።

ውሸቲቱ የተወለደችው ቶሪኖ የገቡ ሰሞን ነው። አባታቸው የመኪና ፋብሪካ ሥራ ብለው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ፣ ቤተሰቡን ጠቅልለው ሲመጡ፣ በየበሩ የተለጠፈው ወረቀት «ለደቡብ ሰው አናከራይም» ይል ነበር። በስንት ልመና የተገኘው አከራይ፣ የዛሬው ጎረቤታቸው የሲኞር ፓውታሶ አባት፣ ቁልፉን ጨብጦ ቆመና «እናንተ ደቡቦች ባኞ ገንዳ ውስጥ በሶብላ ትዘራላችሁ ይባላል። እውነት ነው?» አለ።

«ኧረ በማርያም!» ብለው አባት ማሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ኢማኮላታም ከጎናቸው ቆማ ማለች።

በሳምንቱ እናትየው ገንዳው ውስጥ አፈር ሞልተው በሶብላ ተከሉ። ምን ያድርጉ? ከመንደራቸው እስከ ቶሪኖ በባቡር ጭናቸው ላይ አቅፈው ያመጡት ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰገነት ላይ ቢያድር ውርጩ ይጨርሰዋል። በባኞ ቤቱ ግን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ያልፋል። ቤተሰቡ እንደሆነ ገላውን የሚታጠበው እንዳገሩ ማድ ቤት ውስጥ፣ በሳፋ ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ያ ቤት የመንደራቸውን ፀሐይ ፀሐይ ይሸት ነበር።

ኢማኮላታ ከዚያ በኋላ ስንት ቤት ገቡ፣ ስንት ሽቶ ተቀቡ፤ እንዲያ ያለ ሽታ ግን አላገኙም። ቤቱን ኋላ ባላቸው ገዙት። ገንዳው እንዳለ አለ። እሳቸው እዚያው ሕንጻ ሌላ ፎቅ ስለሚኖሩ ግን ቤቱ ባዶውን ከርሟል።

አሁን ሰፈሩ ውስጥ «የጋራ ገበታ» የሚባል ኅብረት ተቋቁሟል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ደብሩ፣ የቦቼ ኳስ ክበቡና የሞሮኮ ሴቶች ማኅበር አንድ ላይ ሆነው አድልዎን ሊዋጉ፣ መጤውን ከነባሩ ሊያላምዱ ነው። ገበታው በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ስብሰባና አንድ ዓርማ አፍርቷል። ሐሙስ ዕለት ግን፣ ሳይታሰብ፣ እውነተኛ ሥራ መጣበት፦ ለረቂያ ቤት መፈለግ።

ረቂያ የሰፈሩን አዛውንት ቤት ለቤት እየዞረች የምታጥብ፣ የምትመግብ ሞሮኳዊት ናት። እሑድ ከነሁለት ልጆቿ የተከራየችውን ቤት ትለቃለች። ለአሥራ ስምንት አከራይ ደውላለች፤ አሥራ ስምንቱም ቤት «አሁን ገና ተያዘ» ተብሏል። የቀረው የሲኞራ ኢማኮላታ ባዶ ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ ጎረቤት ያኮርፈኛል ብለው ፈርተዋል። ስልሳ ዓመት ተለማምጠው ያገኙትን ሰላምታ በአንድ ቀን ማጣት ከበዳቸው።

ስብሰባው በቦቼ ክበቡ አዳራሽ ተጀመረ።

«እኔ ዘረኛ አይደለሁም» አሉ የሕንጻው ተወካይ ሲኞር ፓውታሶ። በዚያ ሰፈር ክፉ ነገር ሁሉ የሚጀምረው በዚህ መግቢያ ነው። «ግን እነዚህ ሰዎች ገንዳ ውስጥ በግ ያርዳሉ።»

«ማን አየ?» አለች ረቂያ።

«ይባላል!»

«እናትዎን በሳምንት ሦስቴ ገንዳ ውስጥ አጥባቸዋለሁ። እስካሁን አላረድኳቸውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ጂኔቭራ አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤው ላይ «ስጋት ቁጥር አራት፦ በግ» ብላ ጻፈች።

ፓውታሶ ቀሉ። «እስቲ ሲኞራ ኢማኮላታ ይመስክሩ! እሳቸውም መጤ ነበሩ፤ ግን ጨዋ መጤ። ስለ በሶብላው ስንት ተወራ፣ እሳቸው ቤት ግን አልተደረገም!»

ጨዋ መጤ። ይህቺን ቃል ለመስማት ስልሳ ዓመት ደክመዋል። አሁን መጣችላቸው፤ ግን አልጣመቻቸውም። ተነሡ።

«ዘርተናል» አሉ።

«ምኑን?»

«በሶብላውን። ገንዳው ውስጥ። ክንድ አክሎ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ‹ደህና አደርክ?› ትለዋለች። በዚህ ከተማ እሷን ደህና አደርሽ የሚላት ሌላ ማን ነበረና!»

«አባቴ ፊት በማርያም ምላችሁ እኮ ነው!»

«ከማርያም ጋር እኔ እታረቃለሁ። እርስዎ ከእናትዎ አጣቢ ጋር ይታረቁ።» ከቦርሳቸው የባዶውን ቤት ቁልፍ አውጥተው ረቂያ ፊት አኖሩት።

«ይሄን እንዴት ብዬ ልመዝግበው?» አለች ጂኔቭራ።

«ገንዳው ደህና ነው በይ፣ ልጄ።»

እሑድ ረቂያ ዕቃዋን አስገባች። ፓውታሶ ሲኞራ ኢማኮላታን ደረጃው ላይ አግኝተዋቸው ሰላም ሳይሉ አለፉ፤ እሳቸውን ግን የፈሩትን ያህል አላመማቸውም። ረቂያ መጨረሻ ላይ የናና ማሰሮ አቅፋ ገባች።

«ሲኞራ፣ ሰገነቱ ላይ ባስቀምጠው ቅር ይልዎታል?»

«አበድሽ እንዴ? በዚህ ውርጭ?» ባኞ ቤቱን ከፈቱላት። «እዚህ፣ ገንዳው ውስጥ፣ ከቧንቧው ሥር።»

ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አንድ ቅጠል በጣታቸው አሹ። አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት።

«እሱ አይደለም» አሉ። «ግን ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም።»

«እኛስ የት ልንታጠብ ነው?»

«ሳፋ አውስሻለሁ።»