አንዴ «ይቅር» ቢሏት

ነርሷ ጥናት ጀምራለች። ከመኝታ በፊት እግራቸውን በሞቀ ውሃ የታጠቡ ሕመምተኞች የተሻለ እንቅልፍ ይተኙ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። የጥናቱ ኃላፊ ግን አጥብቆ አስጠንቅቋታል፤ «መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። እምቢ ካሉ መለመን፣ መጎትጎት ብሎ ነገር የለም!» ይህን ደንብ ያወጣው ሰው መቼም እንግድነት ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ማታ ነርሷ ሙቅ ውሃ የሞላ ሳፋ ይዛ በሩ አጠገብ ወደተኙት እማማ ሄዳ ሁሉንም አስረዳች።

«አይ ልጄ፣ ምን አደከመሽ፣ ይቅር» አሉ እማማ፣ እግራቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር እያወጡ።

ነርሷ እግራቸውን አየች፤ ማስጠንቀቂያው ትዝ አላት። «መብትዎ ነው እማማ፤ ሕክምናዎም አይጓደልም» አለችና ሳፋዋን ይዛ ዞረች።

 እማማ ክፍሉን በጩኸት አናወጡት። «ጉድ እኮ ነው! አንዴ ‹ይቅር› ቢሏት ጥላኝ ሄደች! ሰው ‹በሞቴ› አይባልም?»

«ጥናት ስለሆነ አይፈቀድልኝም። ሐሳብዎን ከቀየሩ ግን ይንገሩኝ።»

«ጭራሽ እኔው ልለምንሽ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ምሳ ሳትበላ ክፍሉን ስትዞር፣ እማማ ልጃቸው ያመጣችላቸውን የኬክ ካርቶን ከፈቱ።

«ነይ፣ ቅመሺ።»

«አይ እማማ፣ ይቅርብኝ» አለች ነርሷ፣ እጇን በጋዋኗ እየጠረገች።

እማማ ካርቶኑን ቀስ ብለው ከደኑት።

«መብትሽ ነው፣ ልጄ።»