ከአጥሩ ውስጥ ያለው ውኃ

ሙስዓብ የሞተው ሐምሌ ዘጠኝ ቀን 2016፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። የዐስር አዛን ገና መሰማት ጀምሮ ነበር። ባልዲውን ይዞ ከሐይቁ ወጣ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠው፣ «ዛሬ ደከመኝ» አለና አልጋው ላይ ጋደም አለ። የሚጠጣ ውኃ ይዤለት ስመለስ ባሌ በሕይወት አልነበረም። ባልዲው ውስጥ ያሉት ቆሮሶ ዓሣዎች ግን ሰው ተሰብስቦ ማልቀስ እስኪጀምር ድረስ ይንቦጫረቁ ነበር።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ዳር ነው፤ የጓሯችን መጨረሻ ውኃው ነው። ሙስዓብ እንደተጋባን የባሕር ዛፍ ግንዶች ውኃው ውስጥ ተክሎ፣ በላያቸው ጣውላ ደርድሮ ርብራብ ሠራ። ታንኳ ላይ ሲወጣ ራሱን ያዞረዋል፤ ስለዚህ ርብራቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመንጠቆ ያጠምዳል። ባለታንኳዎቹ መረባቸውን ባዶ ይዘው ሲመለሱ እሱ ባልዲ ሞልቶ ያዩትና «ሙስዓብ ዓሣ ይጠራል» ይሉ ነበር።

የሰፈራችን ቅሬ፣ ዕድራችን፣ ቀበረው። የቅሬው ሴቶች ምግቡን በየቤታቸው ሠርተው፣ በየሳህናቸው አምጥተው፣ ሲበላ ደግሞ ዕቃውን ሰብስበው ይወስዳሉ። ሐዘንተኛ ዕቃ አታጥብም፤ ወጋችን ነው። ልጄ ሰሚሃ ከውጫሌ መጥታ ሰነበተችና ወደ ባሏ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ዒዳዬን የምጠብቀው ብቻዬን ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ከግቢዋ አትወጣም። ሰውም መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ እርሻውም ዝናቡም ይይዘዋል።

የሙስዓብ ታናሽ ወንድም ሐቢብ በነሐሴ መጣ። የርብራቡን ጣውላ በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

«እትዬ፣ ይኼ እንጨት ሳይበሰብስ ላንሳው። ለበጎቹ ጋጣ ይሆነኛል።»

«ተወው።»

«ምን ያደርግልሻል? ዓሣው እንደሆነ ከሙስዓብ ጋር ሄዷል።»

እሱ ያለው ነገር እውነት ነበር። ውኃው ጭር ብሏል። ግን ሙስዓብ በእጁ ሠርቶ የተወልኝ ሌላ ነገር የለም፤ ቤቱም የአባቱ ነው።

«ዒዳዬን እስክጨርስ ጠብቀኝ» አልኩት። «ዓሣ ካወጣሁበት ይቆማል።»

«ካላወጣሽስ?»

«ያኔ ለበጎችህ ውሰደው።»

ሳቀ። «ለመሆኑ መንጠቆ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ ዑምኩልሱም መንጠቆ ይዤ አየችኝና ከአጥር ማዶ ጮኸች። «ሱብሃነላህ! ዒዳ ላይ ያለች ሴት ሐይቅ ትወርዳለች?»

«የትም አልወረድኩም። ግቢዬ ውስጥ ነኝ።»

ዝም ብላ አላለፈችም፤ ሄዳ ሼኹን ጠየቀች። አጥራችን ከርብራቡ ግራና ቀኝ ውኃው ድረስ ይገባል፤ ሙስዓብ የሰው ከብት እንዳያስቸግረን ብሎ ያጠረው ነው። ሼኹ ይህን ሰምተው፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ውኃ ጓሮዋ ነው፣ አሏት።

«ተፈቅዶልሻል» አለችኝ ተመልሳ። «ዓሣው ግን ባዕድ ወንድ ነው፤ ሻሽሽን ጠበቅ አድርጊ።»

ሙስዓብ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እሷ ወደ ቤቷ ስትገባ ሐይቁና እኔ ቀረን።

ሙስዓብ ሲያደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። ከጓሮ ትል ቆፈርሁ። እጄን ሳሙና እንዳይሸት በጭቃ አሸሁ። ኮቴዬ ዓሣውን እንዳያስበረግግ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥሁ። እሱ ዓሣው ጥላ ይወዳል ብሎ ርብራቡ ሥር ቅርንጫፍ ያሰጥም ነበር፤ እኔም የግራር ቅርንጫፍ በድንጋይ አስሬ አሰጠምሁ። ክሩን አንዴ አስረዝማለሁ፣ አንዴ አሳጥራለሁ። ጠዋት ሞከርሁ፣ ማታ ሞከርሁ። መስከረም እንዲሁ አለቀ። ዓሣው ሰው ይለያል ማለት ነው፣ አልኩ። ከሐቢብ ጋር መስማማት ጀምሬ ነበር።

በጥቅምት የቧንቧው ውኃ ጠፋ። እትዬ ዑምኩልሱም ንፍሮ በሳህን ልካልኝ ነበር፤ ጥቂት ቀምሼ ተውኩት። ሳህኗን ሳላጥብ መመለስ አሳፈረኝ። ጀሪካኑ ባዶ ነው። እንደ ድሮዬ ርብራቡ ላይ ወርጄ፣ ዝቅ ብዬ፣ ሳህኑን ሐይቁ ውስጥ ነከርሁት። የቀረው ንፍሮ ውኃው ላይ ተበተነ።

መጀመሪያ ትንንሾቹ መጡ። ቀጥሎ ከታች ከጨለማው አንድ ሰፊ ጀርባ ብቅ አለና አንዷን ፍሬ ይዞ ገባ። ከዚያ ሌላ መጣ።

ሳህኑን እንደያዝሁ ቀረሁ። ስንት ዘመን የምሳ ዕቃ ያጠብሁት እዚህ ነው። ሙስዓብ በሩ ላይ ቆሞ «ጨረስሽ?» ይለኛል። «ዕቃዬን ሳላነሳ መጣህብኝ» እለዋለሁ። ቦታውን እንድለቅለት የሚቸኩል ይመስለኝ ነበር። እኔ እነሳለሁ፣ እሱ እኔ የተነሳሁበት ላይ ይቀመጣል፣ ክሩንም እኔ ያጠብሁበት ላይ ይጥላል። እሱ ሲሞት የቅሬው ሴቶች ዕቃውን ለእኔ ብለው ወሰዱት፤ ከዚያም ለብቻዬ ድስት አልጣድሁም፣ ምን የሚታጠብ ነበረኝ? ዓሣዎቹ መጥተው መጥተው ማዕድ ሲያጡ ሄዱ።

ሙስዓብ ያውቅ ነበር? በልቡ ይዞት ነበር ወይስ እሱም ልማድ ብቻ ሆኖበት ነው? የምጠይቀው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሬ ምሳዬን ራሴ ሠራሁ፤ ዕቃውንም በዚያው ሰዓት እዚያው አጠብሁ። ግን የአንድ ሰው ሳህን ምን ይተርፈዋል? ዓሣዎቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሽሮውን እንደ ድሮው መጠን ሠራሁ፤ እንጀራውን በሁለት ሳህን አቀረብሁ፣ አንዱን በላሁ። ሁለቱንም ይዤ ወረድሁ። ስጨርስ እንደ ሙስዓብ ተቀምጬ ክሩን ጣልሁ።

ዒዳዬ ባለቀ ቀን ሐቢብ መጥረቢያና ገመድ ይዞ መጣ። ባልዲውን በሩ አጠገብ፣ ወንድሙ ያስቀምጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጬለት ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ከገበያ ነው?»

«ከገበያ የመጣ ዓሣ ይዘላል?»

«ወላሂ፣ እትዬ... ምን ሰጥተሻቸው ነው?»

«ሽሮ።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ሁለቱ ሳህኖች እዚያው ነበሩ፣ አንዱ ያልተነካ። ሳቁን ተወው። መጥረቢያውን ከበሩ ውጭ አስደግፎ ገባና ያልተነካው ሳህን ፊት ተቀመጠ። «ቢስሚላህ» ብሎ በላ፤ እኔም በላሁ።

«ትንሽ አስተርፍ» አልኩት መጨረሻ ላይ።

ሐቢብ በታኅሣሥ ተመልሶ ከርብራቡ የበሰበሱትን ሁለት ግንዶች ነቀለና በምትካቸው አዲስ ባሕር ዛፍ ተከለ።