የርግብ ኩስ

የፊዚክስ መምህርቷ ማስረሻ አባቷን በቀበረች በሰባተኛው ቀን ክፍል ስትገባ ዓይኗ ደረቅ ነበር። የንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ለደረቅ ዓይን ምሕረት የለውም፤ አልቃሿ ብርቄ ሳትቀር «ልቧ ድንጋይ ነው» ብላ ተናግራለች። ማስረሻ አልተቆጣችም። ማልቀሱንማ ፈልጋው ነበር፤ እንባው እምቢ አለ እንጂ።

አባቷ አቶ ካሴ እርሻቸውን ትተው ከአርብ ገበያ ገጠር እሷ ዘንድ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቀን ቀን ጓደኛቸው ሆዱ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። እሱም ጣቢያ መያዝ ከተወ ቆይቷል፤ ሽሽ እያለ ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል። «ዛሬም ጤፉን ይነፋል» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፈተና ስታርም «ማስረሻዬ፣ ይኸ ነገር ምን ነክቶት ነው?» አሏት።

«አንቴናው ላይ የርግብ ኩስ ይሆናል፣ አባባ» አለች ቀና ሳትል። እንዲተዋት ብላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አቶ ካሴ የተማረች ልጃቸውን ቃል እንደ ወንጌል የሚቀበሉ ሰው ናቸው፤ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ጣራ ወጡ። ሲወርዱ መሰላሉ ከዳቸው።

የዛሬው ትምህርት ስለ ዓለም አጀማመር ነው፤ በየዓመቱ ታስተምረዋለች። ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በትልቅ አንቴናቸው የማያባራ ሽሽታ ሰሙ። ወደየትም ቢያዞሩት ያው ነው። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ሰፍረው ነበርና በኩሱ አሳበቡ። ተማሪው አውካካ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይሳቃል፤ እሷም ትስቅ ነበር።

መልሱን ታውቀው ነበር ማለት ነው። አባቷ ሲጠይቋትም ታውቀው ነበር።

«ጠረጉት» አለች፣ ስለ አባቷ የምታወራ ይመስል። «ሽሽታው ግን አልቆመም። ዓለም ሲጀመር ከነበረው ሙቀት የቀረ ጨረር ነበር። በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ከምናየው ነጠብጣብም ጥቂቱ እሱ ነው።»

የአቶ ካሴን አንቴና ከቀብር መልስ አይታዋለች። አንዲት ጠብታ ኩስ አልቀረችበትም። ቴሌቪዥኑ ግን ጤፉን ይነፋል።

ከፊት የተቀመጠችው ይታይሽ እጇን አወጣች። «ታዲያ ጥፋቱ የርግቦቹ ካልሆነ የማን ነበር፣ ቲቸር?»

መልሱ የማስተማሪያ ደብተሯ ላይ አለ፤ የማንም አይደለም።

«የኔ» አለች ማስረሻ።

ሊስቁ የጀመሩት ልጆች ፊቷን አይተው ተዉት። ማስረሻ በሰባተኛው ቀን አለቀሰች።